ተስቦ ያልነበረው ሕመም፦ የወይዘሮ ንግስት ፈንታ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ንግስት ፈንታ ከአባታቸው ከቄስ ፈንታ ደምሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በ፲፱፻፲፰ ዓ.ም. በጋይንት፣ በቤተ ልሔም አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደል ያስቆጠሩት እርሳቸውን ነበር፤ ዳዊት በጨረሱበት ዓመት ግን ታጩ። በ፲፱፻፴፭ ዓ.ም. ከአቶ ተክሌ ጥጋቡ ጋር በሥርዐተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ቻላቸውንና አዲስዓለምን አሳደጉ። ሦስተኛ ልጃቸውን ተስቦ ወሰደባቸው። ከዚያ ወዲህ በመንደሩ ትኩሳት ገባ ሲባል ልጆቻቸውን ከደጅ አያስወጡም ነበር፤ መፍራታቸውንም አይደብቁም ነበር።

ለሟች ሙገሳ ማብዛት አይጠቅምምና አንዱን ብቻ እናነሣለን። በቤታቸው ሐሜት የጀመረች ሴት ገብስ የሞላ ሰፌድ ይቀርብላት ነበር፤ «እስቲ ይህን ልቀሚልኝ፤ አፍሽም ትንሽ ይረፍ» ይሏት ነበር።

ጾም በተፈታ ቁጥር ቅቤ የገባበት ወጥ ሲቀምሱ በቀኝ ጎናቸው፣ ከጎድናቸው ሥር፣ ይወጋቸውና ይተዋቸው ነበር። ዘንድሮ በፋሲካ የያዛቸው ውጋት ግን አልለቀቀም። በፍስክ ማግስት መታመም የሆዳምነት ቅጣት መስሏቸው አፈሩ፤ ለማንም ሳይናገሩም ኮሶ ጠጡ። ኮሶው አቅማቸውን ጨረሰ እንጂ ሕመሙን አልነካውም። ከዚያም ጥርሳቸው እስኪንገጫገጭ አንቀጠቀጣቸው፤ ገላቸው ነደደ፤ የዐይናቸው ነጩ ቢጫ ሆነ።

መንደሩ ተስቦ ነው አለ፤ እርሳቸውም አመኑ። አንዲት ጎረቤት ከአጥር ማዶ ሆና፣ «አያ ተክሌ፣ በሞቴ፣ ከደጅዎ አይውጡብን፤ እኛም የምናሳድገው አለን» አለች። ቃሬዛ እንዲያነሡ ከተጠሩት አንዱ በሬዬ ጠፋ፣ ሌላው ወገቤን አለ።

አዲስዓለም የምታጠባውን ሕፃን አዝላ ከእስቴ ደርሳ ነበር። እናቷ ግን ከደጃፉ አላሳለፏትም፤ «እዚያው ሁኚ። ልጁን ይዘሽ አትጠጊኝ፤ የቀበርኩት ይበቃኛል» አሏት። ውሃውን በቅል አድርጋ በእንጨት እየገፋች ታቀርብላቸው ነበር። ከመሞት ይበልጥ ያስፈራቸው፣ ሞትን ለልጃቸው ማውረስ ነበር።

በመጨረሻ የአርብ ገበያው ነጋዴ አቶ ሸሪፍ ይህን ሰምተው ከወንድማቸው ጋር መጡ፤ ከአቶ ተክሌና ከቻላቸው ጋር ቃሬዛውን ተሸክመው ንፋስ መውጫ አደረሷቸው። በዚያ ያሉት የጤና መኮንን ጎናቸውን ዳስሰው፣ ሕመሙ የሐሞት ከረጢት ቁስለት እንደሆነ፣ መርዙም ወደ ደማቸው ገብቶ መላ አካላታቸውን እንደያዘ ተናገሩ። የሚያንቀጠቅጣቸው ይኸው መሆኑን፣ ከሰው ወደ ሰውም እንደማይተላለፍ አስረዱ። መርፌ ወጓቸው፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ወይዘሮ ንግስት ከተነገረው ሁሉ የያዙት አንዱን ቃል ነበር። «አይተላለፍም ነው ያሉት?» ብለው ደግመው አስጠየቁ። ከዚያ ከቃሬዛው ኋላ እየራቀች የተከተለቻቸውን አዲስዓለምን ጠርተው ሕፃኑን ደረታቸው ላይ አስተኙት። እጃቸውን ከልጁ ጀርባ ሳያነሡ ሚያዝያ ፲፰ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ዐረፉ።

ባለቤታቸው አቶ ተክሌ፣ ልጆቻቸው ቻላቸውና አዲስዓለም፣ አንድ የልጅ ልጅም ቀርተዋል።

ይህ በሚነበብበት ሰዓት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ውጭ የቆማችሁ አላችሁ። የጤና መኮንኑን ቃል አሁን ሰምታችኋል። የባለቤታቸውና የልጃቸው የቻላቸው ትከሻ አስከሬናቸውን ከንፋስ መውጫ እስከዚህ ሲሸከም ተልጧል፤ ከዚህ እስከ መቃብሩ ያለው መንገድ የእናንተ ነው። ግቡና አስከሬኑን አንሡ።

እግዚአብሔር ለእርሳቸው ፍርሃት የማይደርስበትን ዕረፍት ይስጣቸው፤ ፈርተን ለራቅነውም ይቅርታውን አይንፈገን። አሜን።