የአያትሽ ስም ተጻፈ

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። የጣሪያው ፍሳሽ ተደፍኗል፤ ወንድምሽም ድኗል። እኔ ግን መቆሚያ መቀመጫ አጥቻለሁ።

አስተማሪው የመንደራችንን ቴአትር ታሪክ ሊጽፍ ሽማግሌዎቹን አዳራሽ ሰበሰባቸው። ሁሉም «ደራሲው ጋሼ ልብስ ሰፊው ናቸው» አሉ። እኔ ግን አያትሽ እህል እያበጠረች ድርሰቱን ስትነግራቸው፣ እሳቸውም ደጃፋችን ተቀምጠው በቃላቸው ሲይዙ በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ሴት ቴአትር ደረሰች ቢባል ጉድ ይባል ነበር። አፌን መያዝ አቃተኝና «የእናቴ ነው!» አልኩ።

ጋሼ ከሽማግሌዎቹ መሃል ብድግ አሉ። «እውነቷን ነው። እናቷ ስሜን አታንሳ ብላኝ ነበር፤ እኔም ጭብጨባው ጣፈጠኝ» አሉ። አስተማሪው የእሳቸውን ስም ሰርዞ የእሷን ጻፈ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ከቤት አልወጡም። ሽማግሌ አዋረድኩ እያልኩ ስብሰለሰል ከርሜ ዛሬ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ግቢ» አሉኝ፤ ቀና ብለውም አላዩኝም። «የቴአትሩ መጨረሻ ጠፍቶኛል። ስሞት ቴአትሩ ጎዶሎ ሆኖ አብሮኝ እንዳይቀበር፣ አንቺ ታውቂዋለሽ?»

እኔም ጠፍቶኛል። አያትሽ ግን አንቺን ስታጫውት ትለው ነበር። እባክሽ፣ ሲመችሽ ያስታወስሽውን ያህል ጻፊልን። ሲበርድሽ ደርቢ። ድምፅሽን አጠገቤ ሆነሽ የምሰማበትን ቀን ያምጣልኝ።

እናትሽ