ከኮምፒውተራችን ሚሞሪ ቀንሰው በግ ላሳረዱልን ታላቅ አስታራቂ

ለተከበሩ ሀጂ ዓብዱ ይማም፣
የሰፈራችን የቅሬ እድር ሰብሳቢና የሰው ጠብ ሁሉ ባለቤት፣
ደሴ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን፣ ወገብዎን፣ ከሁሉም በላይ ግን ጥርስዎን አላህ እንዲጠብቅልን ዘወትር ዱዓ አደርጋለሁ፤ የጥርስዎ ጤንነት ለምን እንዳሳሰበኝ ወደ ታች ሲወርዱ ይረዱታል። እኔ የሸሪፋ ልጅ ረውዳ ነኝ። ደጃፍዎ ድረስ መጥቼ መናገር ስችል በአደባባይ የጻፍኩት፣ እንዲህ ያለ ዳኝነት በአንድ ቤት ተደብቆ እንዳይቀር ሳስቼለት ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ እኔና ወንድሜ ሙንዚር ዕቃውን እየለቃቀምን ለቤታችን ኮምፒውተር ልንገጣጥም ተነስተን ነበር። እኔ የቤት ፕላን ልስልበት፣ እሱ የሠርግ ቪዲዮ ሊያቀናብርበት፣ እናታችን ደግሞ ሳዑዲ ካለችው እህቷ ጋር እየተያየች ልታወራበት። እሱ ፕሮሰሰሩ ይጠንክር አለ፣ እኔ ሚሞሪው ይብዛ አልኩ። ትንሽ ተጯጯህንና፣ ወዲያው ደግሞ መካከለኛ ፕሮሰሰርና ሠላሳ ሁለት ጊጋ ሚሞሪ እንዲሆን ተስማማን። እናቴ ግን ጩኸታችንን ሰምታ አስጠርታዎት ነበርና ደረሱ። ተስማምተናል ብንልዎ፣ ያለ ሽማግሌ የታረቀ መልሶ ይጣላል ብለው ጋቢዎን አስተካክለው ተቀመጡ። የተጠራ ሽማግሌ ደግሞ እንዲሁ አይመለስም። ስለዚህም የሚከተሉትን ምስጋናዎች በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥያቄዎ። ዕድሜዎን ሙሉ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረዋልና፣ ፕሮሰሰር ማለት ልብስ ሰፊው ነው፣ ሚሞሪ ጨርቁን የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው፣ ጠረጴዛው ከጠበበ የሰፊው እጅ ቢፈጥን ዋጋ የለውም ብዬ ባስረዳሁዎ ጊዜ፣ ጺምዎን ዳብሰው «ለመሆኑ ከሁለቱ ታላቁ የቱ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። በዓለም ላይ ኮምፒውተር የገጣጠመ ሰው ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ መገጣጠሙ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍርድዎ። የኩታበርን ገበሬዎች የወሰን ጠብ በፈቱበት ጥበብ፣ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይኮራ ፕሮሰሰሩም ከደረጃው ዝቅ እንዲል፣ ሚሞሪውም ወደ ስምንት ጊጋ እንዲወርድ ወሰኑ። ሙንዚር ፈጣን ሰፊ አጣ፣ እኔም ሰፊ ጠረጴዛ አጣሁ፤ እርስዎም ይህንን እኩልነት ብለው የፋቲሓ ዱዓ አስደረጉበት።

ሦስተኛ፣ ስለ በጉ። ከሁለቱ ተቀንሶ በተረፈው ገንዘብ የእርቅ በግ ይታረድ አሉ፣ ታረደም። ፍሪምባው እንደ ወጉ ለእርስዎ ቀረበ። ኮምፒውተራችን የጎደለበትን ሚሞሪ በአዋዜ እያጠቀሱ ሲጨርሱት ተቀምጬ አይቻለሁ፤ አንድም ጥርስ እንዳልከዳዎት እመሰክራለሁ።

አራተኛውን በምስጋና ልጽፈው ሞክሬ አቃተኝ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ ሊቀጥረኝ አስቦ ለመፈተኛ አንድ ፎቅ ቤት እንድስል ሰጠኝ። ኮምፒውተሩ የታችኛውን ወለል ተሸከመልኝ፤ ሁለተኛውን ስጨምርበት ግን ደርቆ አልንቀሳቀስ አለ። አጥፍቼ ባስነሳው መልሶ ደረቀ። ቀኑ ሲደርስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወርጄ፣ በባዶ እጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ከተመረቅሁ ጀምሮ ስፈልገው የኖርኩት ሥራ ነበር፣ ሌላ እንደዚያ ያለ በሬን አላንኳኳም። እርስዎም ወሬው ሲደርስዎ ሊያጽናኑኝ መጥተው «ቀደር ነው ልጄ፣ ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ» አሉኝ። የአላህን ቀደርና ውሳኔ አልክድም፤ በጉን ያዘዙት ግን እርስዎ ነዎት።

ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ጠልቼዎት ባረፍኩ። ደግ መሆንዎ ነው መከራው። ከክፉ ሰው ሰው ይሸሻል፣ እርስዎ ሲመጡ ግን ተነስተን ቦታ እንለቃለን፣ ትራስ እናቀርባለን፣ ያጠፉትንም ሁሉ አሚን ብለን እንቀበላለን። «ይህንን አላውቀውም» የምትል አጭር ቃል ከአፍዎ ብትወጣ ክብርዎ ምን ያህል እንደሚቀንስ አላውቅም፤ የእኔ ኑሮ ግን ምን ያህል እንደቀነሰ አውቃለሁ።

ያልተጣላነውን ላስታረቁን፣ የተስማማነውን ላፈረሱልን አባታችን ረጅም ዕድሜና ከሌላ ሰው ቤት የሚመጣ ብዙ ጥሪ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከስምንት ጊጋ ሚሞሪ ጋር፣

በዳኝነትዎ ሥር በሰላም ሥራ ፈትታ የተቀመጠችው ልጅዎ፣
ረውዳ ጀላል

ማስታወሻ፦ ቦሩ ሜዳ ለሚያስገነቡት አዲስ ቤት ፕላኑን እንድስልልዎ፣ የጎረቤት ልጅ በመሆኔም ክፍያው ምርቃት ብቻ እንዲሆን በእናቴ በኩል የላኩት መልእክት ደርሶኛል። የእኔ ኮምፒውተር የእርስዎን ያህል ቤት ስለማይሸከም ጉዳዩን ኮምቦልቻ ላለው ቢሮ አስተላልፌዋለሁ፤ እኔ ልቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ያለው ልጅ ይሠራልዎታል። ዋጋቸው ሙሉ ነው፣ ምርቃት አይቀበሉም፣ ሽማግሌም አያስገቡም።