የሟርተኛው እንግሊዝኛ

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬም አንሶላ፣ ፎጣ፣ እንፋሎት። ከላውንደሪው ቢሮ ተጠርቼ ላስተረጉም ወደ ቦይለር ክፍል ወረድኩ። ፈረንጅ መሐንዲስ ቦይለሩን ሊፈትሽ መጥቷል። በመዶሻ ኳ ኳ እያደረገ ይዞራል። ሠራተኞቹ ገና ከጠዋቱ ስም አወጡለት... ሟርተኛው። ምን ያድርጉ፣ አፉን በከፈተ ቁጥር ክፉ ነገር ነው የሚወጣው።

የገረመኝ እንግሊዝኛው ነው። የማይቀር ነገርን ለመናገር ስንት መንገድ አላቸው! «ሱነር ኦር ሌተር» ይላል፤ ይዋል ይደር እንጂ ማለቱ ነው። «ማተር ኦቭ ታይም» ይላል፤ የቀረው ጊዜ ብቻ ነው። «ባውንድ ቱ» ይላል፤ መሆኑ አይቀርም። አንዱም ላይ «አያድርገውና» የለበትም። አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ተረጋግቶ ነው የሚናገረው።

እኔ ለሥራ አስኪያጁ ያልኩት፦ «እግዜር አያድርገውና፣ አንድ ቀን ሊያስቸግር ይችላል ነው የሚሉት።»

«ምን የማያስቸግር አለ? እኔስ አላስቸግርም?» ብሎ ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። ሟርተኛው ግራ ገብቶት አየን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ምን ልበል ታዲያ? ሰው ፊት ቆሜ «ትሞታላችሁ» ልበል? እንዲህ ተብሎ ይወራል እንዴ?

ቦይለሩን የሚያነደው ወንድምጋሼ ነው። እንግሊዝኛ ከፍሎ ያስተማረኝም እሱ፣ እዚያው እሳት ፊት ቆሞ እየሠራ። እራት ላይ ነገሩን ጣል አደረግኩለት።

«አሮጊቷ ታኮርፋለች እንጂ አትከዳኝም» አለ። ቦይለሩን አሮጊቷ ነው የሚላት። «አንቺ ደግሞ ከሟርተኛ ጋር ውለሽ ሟርተኛ ሆንሽ?»

እማዬ ተቆጣች። «ማዕድ ላይ ክፉ አታውሪ!»

ወጥ ጨመርኩለት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ምነው ባልወረድኩ።

ለወንድምጋሼ ምሳውን ላደርስ ገባሁ። ቦይለሩ አናት ላይ፣ ቫልቩ ላይ፣ ወፍራም ብረት በሽቦ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ሰኞ አልነበረም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አፏን እንድትይዝ ነው። በትንሽ በትልቁ ታፏጫለች። ካፏጨች እንፋሎቱ ያልቃል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ አለቃ ይጮኻል።»

ሟርተኛው ሲመጣ ያወርዱታል፣ ሲሄድ ይሰቅሉታል። ድሮም እንዲህ ነው የሚሠራው አሉ። ቫልቩ ምን እንደሚሠራ ግን ሟርተኛው ነግሮኛል፤ ግፊቱ ሲበዛ የምትተነፍስበት ነው። እኛ አፍንጫዋን አፍነን ይዘናል። ወንድምጋሼ ደግሞ ፊቷ ቆሞ ይውላል...

ብናገር ይባረራል። ዝም ብልስ?

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ቧንቧ በጮኸ ቁጥር ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። የቢሮ ሰዎች ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ሟርተኛው ሊሰናበት መጣ። ቦይለር ክፍል ሁሉም ቆሟል፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ሠራተኞቹ፣ ወንድምጋሼ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። ብረቱ ወርዶ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሷል። ሟርተኛው ያንኑ ደገመው። ሱነር ኦር ሌተር... ባውንድ ቱ...

«ይፈነዳል» አልኩ። «ይዋል ይደር እንጂ ይፈነዳል። ፊቱ የሚቆመውን ሰው ይገድላል።»



«እሱ ነው ያለው ወይስ አንቺ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እሳቸው ናቸው። ባለፈውም ያሉት ይሄንኑ ነው። ያለሳለስኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወደ ሟርተኛው ዞሬ ስለ ብረቱ በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ወንድምጋሼ እንግሊዝኛ አይሰማም። ጣቴ ወዴት እንደጠቆመ ግን አየ።

የሟርተኛው ፊት አመድ መሰለ። እሳቱ አሁኑኑ ይጥፋ አለ። ይሄን ማለሳለስ አላስፈለገኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ከፈቱት። ሟርተኛው የቦይለሩን ግድግዳ በካቻቢቴ ገፋ አደረገው... ገባ። እንደ እርጥብ ካርቶን ገባ! በየት በኩል? ወንድምጋሼ በሚቆምበት በኩል። ግድግዳ ተደገፍኩ።

ሥራ አስኪያጁ ስለተሰቀለው ብረት ጭራሽ ሰምቶ አያውቅም አሉ። ጉድ እኮ ነው! ወንድምጋሼ ከሥራ ታገደ። ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። ቀና ብሎ አላየኝም።

እሑድ፣ ኅዳር 16

አያናግረኝም። አንድ ማዕድ ቀርበን «ጨዉን አቀብዪኝ በያት» ይላል ለእማዬ። እማዬም «አቀብዪው» ትለኛለች፣ መሐላችን ቁጭ ብላ። አስተርጓሚ ሆናለች።

በሕይወት አለ፤ ሳሉን ከወዲያኛው ክፍል እሰማለሁ። ያ ይበቃኛል እላለሁ... አይበቃኝም። እንዲህ እንደተኳረፍን ብንቀርስ? ያናግረኛል፣ የቀረው ጊዜ ብቻ ነው እላለሁ፣ እንደ ሟርተኛው። አፌ ላይ አልጸና አለኝ። እግዜር ካለ... ብዬ ጨመርኩበት።

ቅድም የሻይ ውኃ ጥጄ ነበር። የማንቆርቆሪያው ክዳን መንቀጥቀጥ ሲጀምር እሱም እኔም እኩል ብድግ አልን። ቀደመኝ። ክዳኑን አንስቶ ጎኑ አስቀመጠና እንፋሎቱ ሲወጣ ቆሞ አየ። እሱም ፈርቶ ነበር?

ጀርባውን እንደሰጠኝ «ራቅ በይ» አለ። «ያቃጥልሻል።»