ግንዱ ውስጥ ስለተረፈችው አባጨጓሬና ውጭ ስለነበረው ባለቤቴ

ለተከበሩ የደን ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ሳንባዎ ደህና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ እኛ ቤት የሳንባ ነገር ሲነሳ ስለከረመ ነው። እኔ በማሆጋኒ ዛፍ ተከላው መድኃኒት ይረጭ የነበረውና ባለፈው ሳምንት የቀበርነው ሠራተኛዎ ሚስት ነኝ። በሥራ ብዛት ካላስታወሱት አልቀየምም። ከዚህ በታች ያለውንም እንደ ምስጋና ይቁጠሩልኝ።

፩ኛ. ማሆጋኒው ከመንገድ ሲታይ እንዲያምር ብለው በመሃሉ የነበሩትን የጥላ ዛፎች ስላስቆረጡልን እናመሰግናለን። ለጎብኚዎች በእርግጥ አምሯል። ለዛፉ ጠላት ለእሳት እራቷም እንዲሁ፤ ያለ አንዳች ከልካይ ከዛፍ ዛፍ እየበረረች በየለጋው ላይ እንቁላሏን ጣለች። አባጨጓሬዋ ተፈልፍላ የዛፉን አናት ከውስጥ እየቦረቦረች ስትገባ፣ ቀጥ ብሎ አድጎ ጣውላ ይሆናል የተባለው ሁሉ ተንጨፍርሮ ቁጥቋጦ ሆኖ ቀረ።

፪ኛ. ነገሩ ከእጅ ካመለጠ በኋላም እጅዎን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በየማለዳው ይረጭ ብለው አዘዙ። አባጨጓሬዋ ግንዱ ውስጥ መግቢያዋን በገዛ ኩሷ ደፍና ተኝታለችና መድኃኒቱ አልደረሰባትም። ውጭ የነበረው ባለቤቴ ነው።

፫ኛ. የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛው ለጉብኝት ቀን ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ መጋዘን ስላስቆለፉበት አድናቆቴ ይድረስዎ፤ እስከ ዛሬ አዲስ እንደሆነ ነው አሉ። ባለቤቴ አፉን በእኔ ሻሽ አስሮ ይሠራ ነበር። ሻሹን ሳጥብ የእጄ ቆዳ ይላጥ ነበር፤ የእሱን ደረት ግን ማን ገልጦ ያየዋል? በኋላ ቢተኛ ትንፋሽ እያጠረው ተቀምጦ ማደር ጀመረ። ልጆቹ እንዳይሰሙ ትራሱን አፉ ላይ ይዞ ይስል ነበር።

፬ኛ. ሐዘን ላይ ተቀምጠን ሳለ ዋርሳዬ በወንድሙ ቦታ እንዲገባ መልእክተኛ ስለላኩልን ውለታዎ አይረሳም። ዋርሳዬም የወንድሙ ልጆች ጦማቸውን እንዳያድሩ ብሎ እሺ ብሏል። አትግባ ብዬ እግሩ ላይ ወድቄ ነበር፤ አልሰማኝም። እርስዎ ግን አለቃው ነዎትና፣ አትርጭ ቢሉት ይሰማዎታል።

ደጅዎ በነፋስ አቅጣጫ እንዳይሆን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የመድኃኒት ረጪው ሚስት

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ለሬሳ ሳጥኑ ከተከላው ጣውላ ስለላኩልን እግዜር ይስጥልን። አናጢው የባለቤቴን ቁመት የሚያህል አንድ ቀጥ ያለ ሳንቃ አጥቶ፣ ቁርጥራጭ ቀጣጥሎ ሠራው። ዋርሳዬ ከወንድሙ ይረዝማልና፣ ረዘም ያለ ሳንቃ ከወዲሁ ቢያስፈልጉልን።