የእድር ድንኳን ለለቅሶ ስለሰጠችው ተማሪ

መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምድረ ጥበብ ኮሌጅ ዲን ጽሕፈት ቤት
አምስት ኪሎ

ጉዳዩ፦ ከመስክ ትምህርት የተባረረችው የልጅ ልጄ ወደ ካምፕ እንድትመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ዲን፣

1. እኔ አመልካች አባይነህ ፈቀደ ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ፣ የሰፈራችን እድር ንብረት ያዥ ነኝ። ጎረቤቴ አብዛኛው በልማት ተነስቶ ወደ ከተማው ዳር ስለሄደ፣ አሁን ከሰው ይልቅ የምጠብቀው ሸራና ምሰሶ ነው። የልጅ ልጄ ኢየሩስ ዳኒኤል በኮሌጅዎ የምድር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ።

2. ባለፈው ጥር መምህሯ አቶ ሄኖክ ቤቴ ድረስ መጡ። "የምድር ሳይንስና ባህል" የሚባለውን ትምህርት ተማሪዎቹ ስምጥ ሸለቆ ወርደው፣ ድንኳን ተክለው፣ ለሳምንታት እዚያው እየኖሩ እንደሚማሩት አስረዱኝ። ጠዋት ድንጋይ፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ያጠናሉ ማለት ነው። ኮሌጁ የመኝታ ድንኳን እንጂ ሁሉም የሚሰበሰቡበት ትልቅ ድንኳን ስለሌለው የእድራችንን እንዳውሳቸው ለመኑኝ። እኔም እንደ አመሌ ነካ አደረግኋቸው፤ "የአገሩን ተራራ ሁሉ በስሙ እየጠራችሁ ጥላ አጣችሁ?" አልኳቸው። ከልባቸው ሳቁ። የሚስቅልኝ ሰው ደግሞ ደስ ይለኛል።

3. ሸራው ቀዳዳ እንዳለው ለማየት ደጃፌ ላይ ተከልነው። ጥሩምባ አልተነፋም፤ ለማንም አልተነገረም። ገና ምሰሶው ቀጥ ከማለቱ ጎረቤቴ ወ/ሮ የሺዓለም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ "ወንድሜ አባይነህ! ምነው ሳትሰናበተኝ!" እያሉ ደረታቸውን እየመቱ ደረሱ። እኔ ምሰሶውን እንደያዝኩ፣ "ይግቡ፣ ሟቹ ሻይ ያስቀዳልዎታል" ብላቸው፣ "አንተ! ሞትህም እንደ ኑሮህ ቀልድ ሆነ?" ብለው በነጠላቸው ጫፍ ገረፉኝ።

4. መምህሩ ስቀው ሲጨርሱ ቁም ነገሩን ነገርኳቸው። "ልጄ፣ አየህ? ይህን ሸራ ያየ ሰው የሚጠይቀው ማን ሞተ ብሎ ነው። ስለዚህ ይሄ ድንኳን ባለበት አካባቢ ሰው ከሞተ ድንኳኑ የሐዘንተኛው ነው። ስብሰባችሁን አንስታችሁ ትሰጣላችሁ። በዚህ ከተስማማህ ውሰድ" አልኳቸው። እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "አባቴ፣ ቃሌ ነው" አሉ። ይህን ኢየሩስም ወ/ሮ የሺዓለምም ሰምተዋል። የአባቴ ስም ፈቀደ አይደል፤ ፈቀድኩ።

5. ካምፑ የተተከለው ከላንጋኖ ሐይቅ ብዙ በማይርቅ መንደር ነበር። አቶ ሱሀይብ የሚባሉ የመንደሩ ሰው ባልጩት የሚገኝበትን ገደል ለተማሪዎቹ እየመሩ አሳዩአቸው፤ ወተት አመጡላቸው፤ የአካባቢውን ወግ እየነገሩ አስጻፏቸው። ባለፈው ሳምንት የእኚህ ሰው እናት አረፉ። ለቀስተኛው ከየአቅጣጫው መጥቶ ያን የቆላ ፀሐይ በአናቱ ተሸክሞ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ። ኢየሩስ ድንኳኑ ይሰጣቸው ብትል መምህሩ "ድንጋዮቹ ተለይተው የተቀመጡበት ነው። እኛ ለትምህርት ነው የመጣነው፣ እድር አይደለንም" አሏት። ቤታችን የገቡትን ቃል ብታስታውሳቸው ደግሞ "ከአያትሽ ጋር የተቀላለድነውን ነው እንዴ የምታነሺብኝ?" ብለው መለሱላት።

6. እሷም ከጓደኞቿ ጋር ድንጋዮቹን ከነምልክታቸው አውቶቡስ ውስጥ ደርድራ፣ ድንኳኑን ነቅላ አቶ ሱሀይብ ግቢ ተከለችው። አንድም ድንጋይ አልጠፋም፤ አንድም አልተቀላቀለም። በማግስቱ ብቻዋን መኪና ላይ ተጭና ወደ አዲስ አበባ ተላከች። አብረዋት ካስማ የመቱት ጓደኞቿ አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ።

7. ከቢሮዎ የደረሳት ደብዳቤ "ያለ ፈቃድ የካምፑን ንብረት ለውጭ ሰው አሳልፋ በመስጠቷ" ይላል። ክቡር ዲን፣ ድንኳኑ የካምፑ ንብረት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ባለቤቱ እድር ነው፤ ፈቃዱንም አስቀድሜ ሰጥቻለሁ። አቶ ሱሀይብስ በገዛ ቀያቸው የውጭ ሰው የሆኑት እንዴት ነው? ወተት ሲያመጡ በተማሪዎቹ ደብተር "የአካባቢው ማኅበረሰብ" ነበሩ፤ እናታቸው ሲሞቱ ውጭ ሆኑ። ባህል ልትማር የተላከች ልጅ ባህል ስታደርግ ከተባረረች፣ ፈተናው ምን እንደነበር ለእኔም ቢነገረኝ እወዳለሁ።

8. የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። በፒያሳ አባይነህን የሚያውቅ ሁሉ ቀልደኛነቴን ያውቃል፤ አልክድም። መምህሩን ግን ቤቴ አስገብቼ፣ ልጄ ብዬ፣ የሙታንን ጉዳይ ነው በቁም ነገር የነገርኳቸው። እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀብለውኛል። ዛሬ ያችኑ አንዲት ቁም ነገሬን መርጠው ቀልድ አሏት። ቢረሱት ይቅር ባልኩ ነበር። አልረሱም፤ ካዱኝ።

9. ትምህርቱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ኢየሩስ አሁን ካልተመለሰች ዘንድሮ አትመረቅም። ስለዚህ፦

ሀ. የመባረሩ ውሳኔ ተሽሮ፣ ካምፑ ሳይነሳ ወደ ጓደኞቿ እንድትመለስ፤

ለ. መምህር ሄኖክ በቢሮዎ ተጠርተው፣ እኔና ወ/ሮ የሺዓለም ባለንበት ቃል መግባታቸውን እንዲያምኑ ወይም ፊት ለፊት እንዲክዱኝ፤

ሐ. ከጥፋት ነፃ መሆኗ በደብዳቤ እንዲገለጽላት በትሕትና አመለክታለሁ።

10. ልጅቷ ከተመለሰች ወዲህ ደብተሯን አልከፈተችም። እኔም እንደ ድሮው ላስቃት ብሞክር አልሆነልኝም። ትናንት አጠገቤ ቁጭ ብላ "አባባ፣ ያን ቀን ለመምህሩ የነገሯቸው የምርዎን ነበር ወይስ ሲቀልዱ?" ብላ ጠየቀችኝ። የምሬን ነው አልኳት። እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን ትመረምር ጀመር። ቃሌን እንድትጠራጠር ያደረጋት የኮሌጅዎ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነውና፣ የምሬን እንደነበር የሚነግራትም ያው ማኅተም እንዲሆን እለምናለሁ።

ቅር ቢለኝም ከማልነፍገው ሰላምታ ጋር

አባይነህ ፈቀደ
(ፊርማ)
ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር፣ አራዳ