ከባቲ ነፍስ ያለው አይገዛም

ጥር 5፣ ሰኞ

የሰባተኛ ቢ ፈተና እያረምኩ ነው። ግማሹ ኮርጇል፤ ያውም ትምህርቱን ከማያውቅ ልጅ። ከግድግዳው ወዲያ ወንድሜ አህመድና ሚስቱ ይጨቃጨቃሉ። ስለ ሰርጉ በሬ። ልጃቸው ሐያት ከረመዳን በፊት ትዳራለች፣ ኢንሻአላህ። ሚስቱ ባቲ በሬው ይረክሳል፣ ሰው ሁሉ ከዚያ ይገዛል፣ እኛን ምን ለየን ትላለች። አህመድ እምቢ። የቤታችን ደንብ ነው። ነፍስ ያለው ነገር ከባቲ ገበያ ገብቶ አያውቅም። ዶሮ እንኳ። ጎረቤት ሲስቅብን ነው ያደግነው።

በመስኮት ብቅ ብዬ ለምን አልኩት። አባታችን ስላለ። አባታችንስ ለምን አለ? አባቱ ስላለው። በገንኩ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። የታሪክ አስተማሪ ነኝ። የነገሥታቱን ዘር በቃሌ እወጣዋለሁ፣ የገዛ ቤቴን ደንብ ምክንያት አላውቅም! አክስቴን፣ አዳዳ ዘሃራን እጠይቃለሁ።

ጥር 7፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ማስታወሻዬ፣ በጥድፊያ ነው የምጽፍብህ። ጽሕፈቴን ቻለው።

ከት/ቤት ወጥቼ በባጃጅ ወደ አዳዳ። የአባቴ እኅት ናት፤ ከሱ ወገን የቀረችን እሷ ብቻ። ማሽላ ስትለቅም አገኘኋት። አካም፣ አካም ተባባልን። የባቲን ነገር ሳነሳባት ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይኼን እስተዛሬ የጠየቀኝ የለም እኮ» አለች።

ምክንያቱ ሰው ነው። የአያቴ እናት። ሙርጃና። ልጅ እግር ሆና ከሩቅ አገር፣ ከምዕራብ በኩል ተነድታ መጣች። ባቲ ገበያ ተሸጠች። የገዛት የገዛ ቅድመ አያቴ ነው። ዘር ሲቆጠር ስሙን ደረታችንን ነፍተን የምንጠራው እሱ! ኋላ ነፃ አወጣት፣ ኒካሕ አሰረ፣ አያቴን ወለደችለት። ትወደው ነበር? አዳዳ አታውቅም። ማንም አልጠየቃትም።

ልጇን ግን አስምላዋለች። እኔን ከሸጡበት ገበያ ነፍስ ያለው እንዳትገዛ ብላ። አዳዳ በልጅነቷ ደርሳባታለች። የባቲ ነጋዴ በደጅ ሲያልፍ በሩን ዘግታ ትቀመጥ ነበር አለችኝ።

እኛ ምን ተብለን አደግን? ቅድመ አያታችን ዐረብ ናት፣ ባሕር ተሻግራ መጣች። ለጓደኞቼ ስንቴ አውርቻለሁ። አፈርኩ። በሷ አይደለም። በኛ።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ለአህመድ ነገርኩት። ያውቃል! አባቴ ሊሞት ሲል ለወንድ ልጁ ብቻ ነግሮታል። እኔ እግሩ ሥር ውኃ ይዤ የከረምኩት ሴት ልጅ አልታመንኩም።

ጮኸብኝ። የሐያት እጮኛ ወገኖች ጨፋ ሮቢት ላይ ስማቸው የተጠራ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ሽማግሌዎቻቸው ዘር ሊያስቆጥሩ ይመጣሉ። ባሪያ የሚል ቃል ከዚህ ቤት ከወጣ ሐያት ብቻ አይደለችም፣ ታናናሾቿም ፈላጊ አያገኙም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም አለ። ቀጥሎም፣ ልጅቷ ያንቺ አይደለችም አለኝ። ይኼኛው ወጋኝ። ልጅ የለኝም።

ስለ ሰው የተናገረው ግን ውሸት አይደለም። ሰው እንዲህ ነው። መስጊድ ሲገባ ሁላችን የአደም ልጆች ነን ይላል፣ ልጁን ሲድር አጥንት ይቆጥራል። ታዲያ ለዚህ ብዬ ልዋሽ? እምቢ። የኛ ቤት ሰው በሙሉ የሷ ልጅ ነው። እሷን ሰርዞ ማን ሊቆጠር ነው?

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ሐያት ራሷ መጣች። ግድግዳው ስስ ነው፣ ጠባችንን ሰምታዋለች። ልንገራት አልንገራት ብዬ ቡናዬን አቀዘቀዝኩት። ነገርኳት። ሰርጉ የሷ፣ ደሙም የሷ።

አላለቀሰችም። መቃብሯ የት ነው አለች። አላውቅም። አብረን አዳዳ ጋ ሄድን፣ አዳዳ ደግሞ በምርኩዟ እያዘገመች አሳየችን። ከቤተሰቡ መቃብር ተነጥላ፣ ዳር ላይ፣ እሾህ በቅሎባት። ኒካሕ የታሰረላት ሚስት ነበረች እኮ! ሞታም ከአጥሩ ውጪ አሳደሯት። ሐያት እሾሁን በእጇ መንቀል ጀመረች። ተይ ብላት አልሰማ አለችኝ።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ሐያት ለእጮኛዋ በስልክ ነግራዋለች። ፋርማሲስት ነው፣ ክፉ ልጅ አይደለም። እኔ ግድ የለኝም፣ ብቻ እናቴ እንዳትሰማ አላት። ሁሉም ደግ ነው፤ አፋችንን እስከዘጋን ድረስ።

ት/ቤት ውስጥ ዛሬ አንዱን ልጅ ያለ ጥፋቱ ተቆጣሁት። ነገ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ፣ ከመግሪብ በኋላ

መጡ። አራት ሽማግሌ። ጫት ቀረበ፣ ዱዓ ተደረገ። እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃ ጀርባ። አህመድ ሰባት አባት ቆጠረ፤ ሳያደናቅፈው፣ አሳምሮ። ማሻአላህ አሉ። ትልቁ ሽማግሌ ስለ እናቶች ጠየቀ። አህመድ የአያቱ እናት ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። ዐረብ ናት አለ።

ተነሣሁ። ሐያት ሻሼን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ። መጋረጃውን ራሷ ገለጠችው፣ ወደ አህመድ ዞራ።

«አባቴ፣ ዐረብ አይደለችም። ሙርጃና ትባላለች። ባቲ ገበያ የተሸጠች ሰው ናት። የሷ ልጅ ነኝ።»

ትልቁ ሽማግሌ ምርኩዙን ፈለገ። አላሁ አዕለም፣ እሱ ያውቃል፣ መልስ እንልካለን ብሎ ወጣ። ጫቱ እንዳለ ቀረ። የወንድሜ ሚስት አታናግረኝም። አህመድ መስጊድ ሄዶ አልተመለሰም።

ፈርቻለሁ። ደስም ብሎኛል። ማስታወሻዬ፣ አንተ አትፍረድብኝ።

ጥር 20፣ ማክሰኞ፣ ከዙህር በኋላ

መልሱ መጣ። ሰርጉን አልሰረዙም። ግን አህመድ ዛሬውኑ ጨፋ ሮቢት ወርዶ ሽማግሌዎቹ ፊት ይናገር፤ ልጅቷ ደንግጣ ተሳስታ ነው፣ ሴትዮዋ ዐረብ ናት ይበል። አንዲት ቃል። ከዚያ በሬው ይታረዳል።

አህመድ ይህን በረንዳው ላይ ቆሞ ነገረን። ሴት ልጁን ተመለከታት። ሐያት ዛሬ አለቀሰች። እጮኛዋን ትወደዋለች፣ ይኼን ማንም እንዳይረሳው። እያለቀሰች፣ ይህን ካልክ ሰርጉ የኔ አይደለም አለችው። እናቷ ወደ ጓዳ ገባች።

አህመድ ወጣ። ባጃጅ ጠራ። አለቀ፣ ሄዶ ሊዋሽ ነው አልኩ በሆዴ።

ከነጫማው ተመልሶ ምንጣፉ ላይ ወጣ። ወንድሜ ከነጫማው! ዓይኔን ሳያይ፣ «ፋጤ፣ ስሟን ደግመሽ ንገሪኝ። ሰው ፊት ጠርቼው አላውቅም፣ እዚያ እንዳልሳሳት» አለኝ።

ሙርጃና አልኩት። ሁለቴ ለራሱ አለው። ባጃጁ ጡሩምባውን ይነፋል። አሁን ወጣ፣ ስሟን በአፉ ይዞ።