የዳዊቱ ኅዳግ

ይድረስ ድሬዳዋ ላለው ወንድሜ ለሸዋንዳኝ፤ ሰላምታዬ ከአርባ ምንጭ እስካለህበት ይድረስህ። እኔና አባባ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ዝናቡም ጥሩ ነው።

ባለፈው ሳምንት የጥንት ጽሑፍ የምታጠና አርሴማ የምትባል ልጅ አባባን ግዕዝ እንዲያነቡላት ደጋ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ወሰደቻቸው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ቄሱ አንድ የቆየ የብራና ዳዊት ግቢው ውስጥ ዘረጉላቸው። አባባ ያን መዝሙር እንደ ውሃ አወረዱት፤ ቄሱ እንባቸው መጣ። ከዚያ አርሴማ፣ «ጋሼ፣ ኅዳጉ ላይ ያለችው ትንሽ ጽሑፍስ?» አለቻቸው። አባባ ብራናውን አስጠጉት፣ አራቁት፤ «ዛሬ ብርሃኑ ደካማ ነው» አሉ። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር።

ቶሎ ብዬ፣ «አባባ፣ ፊደሉን እኔ ልጥራልዎ፣ እርስዎ ይፍቱልን» አልኳቸው። እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። ፊደል በፊደል ጠራሁ፤ እሳቸው ፈቱት። ጽሑፏ እንደምትለው፣ ድሮ ዳዊቱን ያመጡት ካህን በቅሏቸው መንገድ ላይ ሞታባቸው፣ መጽሐፉን ተሸክመው ዳገቱን በእግራቸው ወጥተዋል። አርሴማ ደስ ብሏት የሁለታችንንም ስም መዘገበች።

ከዚያ ወዲህ ወደ ታችኛው ከተማ ወደ ሲቀላ ስንወርድ ክንዴን ይይዛሉ፤ «ባጃጁ በዝቷል» ይላሉ። «ልጁን ሥራ እንዳታስፈቺው» ስላሉኝ የጻፍኩልህ ስለ ዳዊቱ ብቻ ነው።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለህ ነበር፤ ከቻልክ ቀደም አድርገው። አባባ ፊትህን ማየት ይፈልጋሉ።

በሰላም ያገናኘን።
እህትህ ኑኃሚን